የወታደር ላንድሮቨር ካምቢዮ ግቢ ውስጥ ማውረድ፦ በላይ፣ በታች ወይስ ከነሞተሩ?

የድሮ ወታደራዊ ላንድሮቨር ግቢው ያቆመ ሰው ካምቢዮ የሚያወርድበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ማርሹ እየዘለለ ያስቸግራል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ወይም ከሥር የሚንጠባጠበው ዘይት ወለሉን ያጠቁረዋል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ማንሻ ልከራይ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ቀድሞ መወሰን ያለበት ካምቢዮው በየት በኩል ይውጣ የሚለው ነው ባይ ነኝ። በላይ በጋቢናው? በታች በሻንሲው ሥር? ወይስ ከነሞተሩ ወደፊት? መውጫው ከታወቀ የማንሻው ምርጫ ቀላል ነው። መውጫው ሳይታወቅ የተከራዩት ክሬን ግን በር ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል።

የማወራው ሲሪስ 2ኤ እና ሲሪስ 3 ስለሚባሉት የድሮ ላንድሮቨሮች ነው፤ በተለይ ለእንግሊዝ ጦር ስለተሠራው፣ «ላይትዌይት» ስለሚባለው ባለ 88 ኢንች መኪና (ቁጥሩ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት ነው)። ይህ መኪና በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ እንዲጓጓዝ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አካሉ ከመደበኛው ጠበብ ይላል፤ በሮቹ፣ የፊት መስታወቱ፣ የሸራ ቋሚዎቹ ሁሉ በቡሎን እየተፈቱ ይወርዳሉ። ለጦሩ ክብደት መቀነሻ የነበረው ነገር ዛሬ ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ። ረጅሙ 109 ኢንችም ሆነ አገር ቤት ገጠር ለገጠር ሲመላለስ የኖረው ሲቪሉ ላንድሮቨር ካምቢዮው የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ አብዛኛው ነገር ይሠራላቸዋል። ጋቢናው ወደፊት የወጣው 101 ያላችሁ ግን ይሄ አይበቃችሁም፤ የእናንተ ካምቢዮም አወራረዱም ሌላ ነው።

መጀመሪያ፣ ማውረዱ ያስፈልጋል?

ብዙ ካምቢዮ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ከኋላ በኩል፣ የእጅ ፍሬኑ ታምቡር ካለበት አካባቢ ዘይት የሚፈስ ከሆነ ትራስሚሲዮኑን (ወደ አክስሉ የሚሄደውን ዘንግ) ፈትቶ፣ ታምቡሩን አውልቆ ፓራኦሊዮውን (ዘይት የሚያግደውን ጎማ) እዚያው መቀየር ይቻላል። ማርሽ ሲዘል ደግሞ መጀመሪያ የማርሽ ዘንጎቹን ቦታቸው ላይ የሚይዙትን ስፕሪንጎችና ኳሶች እዩ። የወለሉን ላሜራና የካምቢዮውን ሽፋን ካነሳችሁ ከላይ ይደረስባቸዋል። የደከመ ስፕሪንግ ርካሽ ነው።

ጥፋቱ የፍሪሲዮን ብቻ ከሆነ ካምቢዮውን ጨርሶ ከመኪናው ማውጣትም አያስፈልግም። ከሞተሩ ፈትቶ ከስንዝር ያነሰ ወደኋላ ማንሸራተት ለእጅና ለቁልፍ የሚበቃ ቦታ ይሰጣል። ክብደቱ እዚያው ሻንሲው ውስጥ በክሪክና በእንጨት ተደግፎ ይቆያል እንጂ ማንም አይሸከመውም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የድሮ የፍሪሲዮን ዲስክ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሙሉ በሙሉ መውረድ ያለበት የውስጥ ኩሽኔታ ሲጮህ፣ ጥርስ ሲሰበር፣ ወይም የሲሪስ 3 ሲንክሮናይዘሮች (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመሳስሉት ቀለበቶች) ሲያልቁ ነው። ሲሪስ 2ኤ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ከመጀመሪያውም ሲንክሮናይዘር የላቸውም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛ ስትመልሱ የሚያጓራው ከሆነ ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ ልመዱ፤ ካምቢዮው ጤነኛ ነው።

የምታነሱት ነገር ምን ይመስላል

ካምቢዮውና ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን) አንድ ላይ ተጋጥመው ነው የሚወጡት። ትራንስፈሩ ከጀርባው የእጅ ፍሬን ታምቡርም ተሸክሟል። ከ100 ኪሎ በላይ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስቸግረው አለመመጣጠኑ ነው። ትራንስፈሩ በቀኝ በኩል ወጣ ብሎ ስለተቀመጠ፣ በአንድ ገመድ መሀሉን አስሮ ያነሳው ሰው ካምቢዮው ከመሬት ለቀቅ ባለ ቅጽበት ወደ ቀኝና ወደኋላ ሲገለበጥ ያያል። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብታወጡት ሁለት የማንሻ ቀበቶ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ትራንስፈሩን አቅፎ ከኋላ። የኋለኛው አጠር ይላል። ከማንሳታችሁ በፊት ዘይቱን አፍስሱ፤ ከካምቢዮው 1.5 ሊትር፣ ከትራንስፈሩ 2.5 ሊትር ገደማ ይወጣል። ያንን ሁሉ ደረታችሁ ላይ አትፈልጉትም።

በላይ፣ በጋቢናው

የፋብሪካው መንገድ ይህ ነው፤ ለላይትዌይት የምመርጠውም ይህንኑ ነው። የወለሉ ላሜራዎች፣ የካምቢዮው ሽፋንና የመቀመጫው ሳጥን ሲነሱ ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ ከላይ ይታያል። ቁማችሁ ትሠራላችሁ፤ ማንም ከሥር አይገባም። የሸራ መኪና ከሆነ ደግሞ ሸራውንና ቋሚዎቹን አውርዳችሁ፣ የፊት መስታወቱን ወደፊት አጥፋችሁ፣ በላያችሁ ሰማይ ብቻ ይቀራል። ውለታ ያልኩት ይህንን ነው።

ዋጋው የመቀመጫው ሳጥን ነው። ሳጥኑ አሉሚኒየም፣ ቡሎኖቹ ብረት ናቸው። ሁለቱ ብረቶች ለብዙ ዓመት እርጥበት ላይ ሲኖሩ ይበላላሉ፤ ዳዶው ከቡሎኑ ጋር አንድ አካል ሆኖ አብሮ ይዞራል። ከካምቢዮው ከራሱ ይልቅ እነዚህ ቡሎኖች ብዙ ሰዓት ይበላሉ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ ማላቀቂያ ዘይት አጠጧቸው። እምቢ ያለውን ግራይንደር አንስቶ መቁረጥ ያጓጓል። ተው! ላይትዌይት ላይ ሁለት የቤንዚን ታንኮች አሉ፤ ሁለቱም ከፊት መቀመጫዎቹ ሥር ናቸው፤ ከምትቆርጡት ቡሎን የሚርቁት በክንድ ርዝመት እንኳ አይደለም። ባዶ ታንክም አያስተማምንም፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከሙሉ ታንክ ይልቅ ለእሳት የቀረበ ነው። ወይ ታንኮቹን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ ራቅ አድርጉ፣ ወይ በሴጌቶ በእጃችሁ ቁረጡ። ሬዲዮ ተሸካሚው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፤ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ባትሪዎቹን ፍቱ።

የቀረው መፍታት ቅደም ተከተሉ ብዙ አያስጨንቅም። የፊትና የኋላ ትራስሚሲዮኖቹ በ9/16 ቁልፍ ይፈታሉ። የእጅ ፍሬኑ ማያያዣ፣ የኪሎሜትር መቁጠሪያው ገመድና የመሬት ሽቦው ይነቀላሉ። የፍሪሲዮኑን የታች ፓምፕ ቱቦውን ሳትፈቱ ቡሎኖቹን ብቻ ፈትታችሁ በሽቦ ወደ ጎን እሰሩት፤ አየር ከማስወጣት ጣጣ ትድናላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ፔዳሉን እንዳይረግጥ አደራ፤ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል። ሞተሩ ከፊት በሁለት ድጋፍ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከኋላ ተሸካሚው ካምቢዮው ነው። ካምቢዮው ሲለቅ የሞተሩ ጀርባ ወደታች ያዘነብላል። ሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት ከዘይት ማጠራቀሚያው የኋላ ጫፍ ሥር አስገብታችሁ ከሥሩ በክሪክ ደግፉት። ከሞተሩ የወጡት ቋሚ ቡሎኖች ላይ ያሉትን ዳዶዎች የምትፈቱት ይህ ከተደረገ በኋላ ነው።

መውጫው መሪ በሌለበት በር በኩል ነው። ወታደራዊዎቹ መካከል መሪያቸው በግራ የሆኑም ስላሉ የእናንተን አይታችሁ ወስኑ።

በታች፣ በሻንሲው ሥር

በታች ማውረድ የሚቻለው መኪናው ከፈቀደ ነው። ብዙዎቹ ወታደራዊ ሻንሲዎች ካምቢዮው ሥር የሚያልፈው አግዳሚ ብረታቸው በቡሎን የታሰረ ነው፤ ጦሩ የፈለገው ካምቢዮ በታች እንዲወርድለት ነበር። በሲቪሎቹ ላይ ግን አግዳሚው የተበየደ ነው። የእናንተ ሻንሲ ዕድሜው ሲገፋ ተቀይሮም ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ትታችሁ በባትሪ ብርሃን ገብታችሁ እዩት። የተበየደ ከሆነ ይህ መንገድ የለም። አግዳሚውን ቆርጦ በኋላ መልሶ መበየድ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ሻንሲው ሲጣመም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወጪ አስቡ።

አግዳሚው በቡሎን ከሆነ ይህ መንገድ የራሱ ጥሩ ጎን አለው። የመቀመጫው ሳጥን አይነካም፣ ከቡሎኖቹ ጋር ያለው ትግል ይቀራል፣ ጋቢናውም አይበተንም። ሸራ ያልሆነ ደረቅ ጣሪያ ላለው 109 ከላይ በኩል ክሬን ማስገባት አስቸጋሪ ስለሆነ እዚያ ላይ በታች ማውረድ ያሸንፋል። በክረምትም ቢሆን ሥራው ጣሪያ ሥር ነው።

ችግሩ ከፍታው ነው። ካምቢዮው ክሪክ ላይ ተቀምጦ በሻንሲው ሥር ወደ ጎን እንዲወጣ፣ የካምቢዮው ቁመትና የክሪኩ ዝቅተኛ ቁመት ተደምረው ከሻንሲው በታች መግባት አለባቸው። ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ መኪናው በአራት ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ ምን ያህል መነሳት እንዳለበት ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ያን ያህል የተነሳ መኪና የሚቆመው በኮንክሪት ላይ ብቻ ነው። አፈር ላይ፣ ኮብልስቶን ላይ፣ ትንሽ እንኳ ተዳፋት ያለበት ግቢ ውስጥ ይህን መንገድ አልመክርም፤ ካቫሌቶ ቀስ ብሎ አፈር ውስጥ ሲሰምጥ ድምፅ የለውም። መኪናን በክሪክ ብቻ አቁሞ ከሥሩ መግባት ደግሞ በየትኛውም ወለል ላይ አይታሰብም።

የጥገና ጉድጓድ ያለው ግቢ ካላችሁ ነገሩ ይቀየራል፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ካምቢዮው ወደታች ይወርዳል። ያኔ ግን ከጉድጓዱ መልሶ ማውጣቱን ከወዲሁ አስቡበት።

መሣሪያው የካምቢዮ ክሪክ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠፍጣፋ ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ያዘነብላል፣ ሰንሰለትም አለው። ባለጎማው ተራ ክሪክ ላይ ከእንጨት መቀመጫ ሠርቶ፣ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ጠፍሮ መሥራትም ይቻላል። ቀበቶ የሌለበት የእንጨት መቀመጫ ግን ትራንስፈሩ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አይይዘውም።

ከነሞተሩ

የፊት ፍርግርጉንና ራዲያተሩን አውርዶ ሞተርና ካምቢዮን አንድ ላይ መጎተት። ፍሪሲዮኑ መሬት ላይ በምቾት ይገጠማል፣ የሞተሩ የኋላ ዘይት ማፍሰስም አብሮ ይታያል። ነገር ግን ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ርዝመቱ ደግሞ ክሬን ላይ ሆኖ እያዘነበለ ከሻንሲው እንዲወጣ ቦታ ይፈልጋል፤ ከመኪናው ፊት ያለውም ግቢ ሰፊ መሆን አለበት። ሞተሩም ሊታደስ የታሰበ ካልሆነ ካምቢዮ ብቻ ብሎ ይህን መንገድ መያዝ አያዋጣም። የፍሪሲዮንና የሞተር የኋላ ፓራኦሊዮ ሥራ ብቻ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮውን ደግፎ ባለበት ትቶ ሞተሩን ብቻ ማውጣት ይሻላል።

አሁን ማንሻው

መውጫው በላይ ከሆነ ትግሉ በተጣጣፊ ክሬንና በፓራንኮ (ከላይ ተንጠልጥሎ በሰንሰለት በሚያነሳው ማንሻ) መካከል ነው።

ክሬኑ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ካምቢዮውን አንስቶ፣ ወደኋላ ሳብ አድርጎ፣ በበሩ አውጥቶ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይወስድላችኋል። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ለሁለት ቀን መከራየት ትችላላችሁ። ላንድሮቨር ከፍ ያለ ስለሆነ የክሬኑ እግሮች ከጎን በቀላሉ ይገባሉ። ግን ክንዱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ 2 ቶን የሚባለው ክሬን ክንዱ እስከመጨረሻው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት ግማሽ ቶን ብቻ ነው። ለካምቢዮ ያ ይበቃል፤ የሚያሰጋው መገልበጡ ነው። ትናንሽ ጎማዎቹ ለስላሳ ኮንክሪት ይፈልጋሉ፤ አንድ ጠጠር ታግዶበት ሲቆም ሰው በጉልበት ይገፋዋል፣ የተንጠለጠለው ካምቢዮ ይወዛወዛል፣ ክሬኑም ይከተለዋል። ስለዚህ በምትገፉት ጊዜ ጭነቱ ዝቅ ብሎ ይሁን፣ አንድ ሰውም ካምቢዮውን በእጁ ይያዝ።

ደረቅ ጣሪያ ላይ ደግሞ የክሬኑ ክንድ በበሩ ሲገባ ከበሩ ራስ ጋር ይጋጫል፤ ካምቢዮው ገና የሻንሲውን ጠርዝ ሳያልፍ ክንዱ ቦታ ያጣል። ጣሪያው የሚወርድ ከሆነ አውርዱት። አይወርድም ካላችሁ ወደ በታቹ ክፍል ተመለሱ።

ፓራንኮ ወለል አይመርጥም። የሰንሰለት ፓራንኮ ካምቢዮውን በሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሲመለስ ዘንጉን ከፍሪሲዮኑ ጋር ለማገናኘት ከሃይድሮሊክ ክሬን በጣም ይሻላል፤ ክሬን ዝቅ ሲል ይዘላል። ጥያቄው ፓራንኮው በምን ላይ ይንጠልጠል ነው። የጋራዥ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸከመውን እንጨት እርሱት፤ ያ እንጨት የተሠራው ለቆርቆሮ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍም እንዲሁ፤ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ብዙ ነው።

ባሕር ዛፍ በቅርብ የሚገኝበት ቦታ ላላችሁ፣ ሦስት ወፍራም ቀጥ ያሉ ግንዶች ራሳቸው ላይ በሰንሰለት ታስረው ጥሩ ማንሻ ይሆናሉ። ሁለት ነገር ይጠበቅ። እግሮቹ እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ወይም በወፍራም ገመድ ይታሰሩ፤ አለበለዚያ ጭነቱ ሲያርፍባቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ። ፓራንኮውም ቀጥ ብሎ ወደታች ብቻ ይጎትት፣ ወደ ጎን ከተሳበ ሦስቱም ይወድቃሉ። ታዲያ ካምቢዮው ወደ ጎን የማይሄድ ከሆነ እንዴት ይወጣል? መኪናው ይሄዳል። ካምቢዮውን ከኋላው የጭነት ሳጥን ግድግዳ ከፍ አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ፤ ከዚያ የሞተሩን ድጋፍ ከመሬቱ ክሪክ ወደ ሻንሲው አዛውራችሁ መኪናውን በእጅ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ትገፋላችሁ፤ ካምቢዮው በጭነት ሳጥኑ ላይ አልፎ ከኋላ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ሸራውና ቋሚዎቹ የወረዱ፣ የሬዲዮ ጠረጴዛ ካለም የተነሳ መሆን አለበት፤ እግሮቹም መኪናው በመካከላቸው እንዲያልፍ ሰፋ ብለው ይተከሉ። መሪውን የሚይዝ ሰው ከውጭ ሆኖ ይያዝ እንጂ ጋቢናው ውስጥ አይቀመጥ።

የሰው ጉልበትስ? አገር ቤት በየጋራዡ ሁለት ጎረምሳ ከሥር ተኝተው ካምቢዮ በደረታቸው ሲቀበሉ አይተናል። ለትንሽ የቤት መኪና ይሆን ይሆናል። የላንድሮቨር ካምቢዮ ላይ ግን ሰው የሚጎዳው ጉልበቱ አንሶ ሳይሆን ትራንስፈሩ ድንገት ወደ ቀኝ ሲዞር ጣቱ ከሻንሲው ጋር ሲጣበቅ ነው። ጎረምሶቹን መኪና ለመግፋት አስቀሯቸው።

ስለዚህ ለማን የቱ?

ሸራ ላይትዌይት እና ኮንክሪት ወለል ያለው፦ በላይ፣ በክሬን። ሸራ መኪና ሆኖ ግቢው አፈር የሆነ፦ በላይ፣ በፓራንኮ፣ መኪናውን በመግፋት። ጣሪያው የማይወርድ 109 ሆኖ አግዳሚው በቡሎን የታሰረ፦ በታች፣ በካምቢዮ ክሪክ፣ በኮንክሪት ላይ ብቻ። ጣሪያው የማይወርድ፣ አግዳሚው የተበየደ፣ ግቢው አፈር ከሆነስ? ለጋራዥ ክፈሉ። እውነቴን ነው፤ መቀመጫውንና የወለል ላሜራውን ቤት ፈትታችሁ መኪናውን በጎታች ብትልኩት የሥራ ዋጋው ይቀንሳል።

መመለሱ

ማውረድን የሚያውቅ ሁሉ መመለስን አያውቅም። ወደ ፍሪሲዮኑ የሚገባው ዘንግ ዲስኩ ላይ ከገባ በኋላ ካምቢዮው ለአንድ ደቂቃ እንኳ በዘንጉ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ዲስኩ መሀሉ ይጣመማል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ዲስኩን በማስተካከያ ዘንግ መሀል ላይ አድርጋችሁ እሰሩ። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ሰው ወደፊት እየገፋ ሌላው ከኋላ ታምቡሩን በቀስታ ቢያዞር ጥርሶቹ ይገናኛሉ። የመጨረሻውን ሁለት ሴንቲሜትር ዳዶ በማጥበቅ እንዲገባ አታስገድዱት። በእጅ ተገፍቶ ካልገጠመ ከፍታው ወይም ዝንባሌው ልክ አይደለም፤ ፓራንኮውን አንድ ሁለት ቀለበት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉና እንደገና ሞክሩ።

የመቀመጫውን ሳጥን ከመመለሳችሁ በፊት ዘይቱን ሞልታችሁ ሞክሩት። መኪናውን በካቫሌቶ ላይ አራቱም ጎማ ከመሬት እንዲለቅ አድርጉ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አራቱንም ማርሽና የኋላውን አንድ በአንድ አስገቡ። የፊት ጎማዎቹን የሚያሠራውን ቢጫ እንቡጥ ወደታች ተጫኑና የፊት ትራስሚሲዮኑ መዞሩን እዩ። ወደ ዝቅተኛው የትራንስፈር ማርሽ የሚያስገባውን ቀይ ዱላ የምትስቡት ግን ጎማዎቹ ፍጹም ሲቆሙ ነው። ሁሉም ሲሠራ፣ ከሥር ጠብታ አለመኖሩን በካርቶን አረጋግጡና ሳጥኑን መልሱ፤ ቡሎኖቹን ግን ከማይዝግ ብረት አዲስ ግዙ፣ በግሪስም ቀብታችሁ አስገቧቸው።